በ61 ዓመቴ በአዲስ ስልክ መቦረቄ ያሳፍራል?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። ኩዌት የምትሠራው ልጄ በሰው እጅ ሳምሰንግ ስልክ ላከችልኝ። እስካሁን ኖርማል ስልክ ነበር የምይዘው። ይሄኛው እጄ ከገባ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ሌሊት ሁሉ እየተነሳሁ እነካካዋለሁ። ትንሹ ልጄ ‹እማዬ፣ ሱስ ያዘሽ እኮ› እያለ ይስቅብኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ‹በዚህ ዕድሜ?› ይላሉ። ስልኩን ያስጀመረልኝ የሞባይል ቤት ልጅ ነው። ኢሜይሉንም እሱው አወጣልኝ፣ አፑንም እሱው ጫነልኝ። የግማሹን ጥቅም አላውቀውም። ጥቅል ስሞላ ሁለት ቀን አይቆይልኝም። የቱን ልያዝ፣ የቱን ላጥፋ? ደግሞስ በ61 ዓመቴ በስልክ እንዲህ መቦረቄ ያሳፍራል እንዴ?»

መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦

ውድ መምህርት፣

እንኳን ደስ ያለዎት! የደስታ መጠቀሚያ ያድርግልዎ። ልጅዎንም ባለችበት ሰላሟን ያብዛላት።

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አያሳፍርም። ዕድሜዎን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ ተማሪ ዓለምን ለማወቅ እንዲጓጓ ሲለፉ ኖረዋል። ዛሬ እርስዎ ሲጓጉ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ጎረቤት ያለውን ይበል። እኔ እንዲያውም በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር ነክቶ ለማየት የማይፈራ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ብዙ እናቶች «አበላሸው ይሆን» እያሉ የተላከላቸውን ስልክ በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ልጅ ማዶ ሆና ትደውላለች፣ የሚያነሳ የለም። እርስዎ እዚያ አልቀሩም።

ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። «ኢሜይሉንም እሱው አወጣልኝ» ብለዋል። መምህርት፣ ሌላውን ሁሉ ትተው መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ አብዛኛው ነገር የሚሠራው በጉግል አካውንት ነው። አፕ የሚወርድበት ፕሌይ ስቶር የሚከፈተው በእሱ ነው። የስልክ ቁጥሮችዎም ፎቶዎችዎም ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጡት በእሱ በኩል ነው። ሞባይል ቤት ውስጥ ወረፋ ሲበዛ ልጆቹ አንዱን ኢሜይል ለብዙ ደንበኛ ስልክ ያስገቡታል። ወይ ደግሞ ለእርስዎ አዲስ ያወጡና ፓስወርዱን ሳይነግሩዎት ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም፣ ቶሎ ጨርሶ ቀጣዩን ለማስተናገድ ነው። ጉዳቱ ግን የእርስዎ ነው። ያነሷቸው ፎቶዎች የማያውቁት ሰው ኢሜይል ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ሌባን ለመከላከል የተሠራ ቁልፍ መጥቷል። አንድ ቀን ፓተርኑ፣ ማለትም ስልኩን የሚከፍቱበት መስመር፣ ቢጠፋብዎትና ስልኩ ሪሴት ቢደረግ (ያለበት ሁሉ ተሰርዞ እንደ አዲስ ቢጀመር)፣ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ቀድሞ የነበረውን ኢሜይልና ፓስወርድ ነው። እርስዎ አያውቁትም። የሞባይል ቤቱ ልጅም ረስቶታል። ያኔ የገዛ ስልክዎን ለማስከፈት ገንዘብ ይዘው ይዞራሉ። ይሄ የደረሰባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ። ስልኩ አማርኛ ላይ ከሆነ «ቅንብሮች» ይላል። ወደ ታች ሲወርዱ «ጉግል» የሚል አለ፣ እሱን ይንኩት። ከላይ የሚታየው ኢሜይል የማን ነው? ስምዎ ካለበትና ፓስወርዱን ከያዙ ችግር የለም። ካልሆነ በራስዎ ስም አዲስ ጂሜይል ያውጡ። የራስዎን ስልክ ቁጥር ያስገቡበት፣ ፓስወርድ ቢጠፋብዎ መመለሻዎ እሱ ነው። ፓስወርዱን በደብተር ጽፈው ቤት ያስቀምጡት። አዎ፣ በደብተር! «አትጻፉት» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። ለእርስዎ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ደብተር ከመርሳት ይሻላል። ስልኩ ራሱ ላይ ብቻ አይጻፉት። የድሮውን ኢሜይል ከማጥፋትዎ በፊት ደግሞ ስልክ ቁጥሮችዎና ፎቶዎችዎ ወደ አዲሱ መዛወራቸውን ያረጋግጡ፣ አለዚያ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ይቺን ለብቻዎ አይሞክሯት፣ ያ የሚስቅብዎት ልጅ አጠገብዎ ይቀመጥ።

ስለ እሱ ካነሳን አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ስልክ ሲያሳዩን ስልኩን ከእጃችን ይወስዱና ጣታቸው እየበረረ «ይኸው፣ እንዲህ ነው» ብለው ይመልሱልናል። እንደዚያ ማንም አይማርም። እርስዎ መምህርት ነዎት፣ ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል። እና ይንገሩት፦ ስልኩ ከእኔ እጅ አይወጣም። አንተ በአፍህ ምራኝ፣ እኔ እነካለሁ። ብሳሳት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ትዕግሥቱ ያልቃል። ቆይቶ ይለምደዋል።

አሁን ወደ አፖቹ። የቱን ልያዝ ብለው ሲጠይቁ ዝርዝር ጠብቀው ይሆናል። እኔ የምመክርዎ ግን ቀድመው ማጥፋት እንዲጀምሩ ነው። «ስልክ ማፍጠኛ»፣ «ባትሪ መቆጠቢያ»፣ «ሚሞሪ ማጽጃ» የሚሉ ካሉ ሁሉንም ያጥፉ። ስልኩ ይሄን ሥራ በራሱ ይሠራል። እነሱ የሚያመጡት ማስታወቂያ ነው። ለብቻው የተጫነ የባትሪ መብራት አፕ ካለም ያጥፉት፣ ስልኩ የራሱ አለው። መብራት ለማብራት የስልክ ቁጥሮችዎን ዝርዝር ማየት የሚፈልግ አፕ ምን ፈልጎ ነው? አፑን ጫን አድርገው ሲይዙት «አራግፍ» የሚል ይመጣል፣ እሱ ነው ማጥፊያው። ሳያስቡት ጠቃሚ አፕ ቢጠፋ አይደንግጡ፣ ከፕሌይ ስቶር ደግመው በነፃ ይጭኑታል።

ከዚያ የቀረውን አንድ በአንድ ይሞክሩ። አንዱን ሳይጠግቡ ወደ ሌላው አይዝለሉ። ለእርስዎ የመጀመሪያው የትኛው ይሁን ቢሉኝ፣ ሳላመነታ የምነግርዎ ጉግል ኧርዝን ነው።

መምህርት፣ ይሄን አፕ ከፍተው ካላዩ ስልኩን ገና አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የወጣው። ያኔ ኮምፒውተር ይፈልግ ነበር፣ ዛሬ ኪስዎ ውስጥ ነው። መሬት ከሳተላይት በተነሳ ፎቶ ተሠርታ ጣትዎ ሥር ትሽከረከራለች። ደሴን ይፈልጉ። ሁለት ጣትዎን አራርቀው ያስፉት፣ የራስዎን ጣሪያ እስኪያገኙ ድረስ። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች አንድ ላይ ወደ ላይ ይግፏቸው። ምስሉ ይዘነበላል፣ የጦሳ ተራራ ተነስቶ ፊትዎ ይቆማል።

አሁን የቦርከናን ወንዝ ይያዙ። ከደሴ ጀምረው በኮምቦልቻ አድርገው ቁልቁል ይውረዱ። ጨፋ ላይ ሜዳው ሲሰፋና ውኃው ሲተኛ ያያሉ። ከከሚሴ አልፎ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና ከአዋሽ ይገናኛል። እዚያ ይቁሙና ዙሪያውን ይመልከቱ። ቀለሙ ሁሉ ተለውጧል፣ አረንጓዴው አልቆ ቡናማና ግራጫ ሆኗል። ከዚያ አዋሽን ተከትለው ወደ ሰሜን። ተንዳሆ አካባቢ በበረሃው መሐል የእርሻው አረንጓዴ መሬት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሳይታን አልፈው ትንሽ ከሄዱ በኋላ ሐይቆቹ ይጀምራሉ፣ መጨረሻው ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው የአቤ ሐይቅ ነው። «አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅ ወንዝ ነው» እያሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈዋል! አሁን ከቤትዎ ሥር ከሚፈሰው ውኃ ተነስተው ማለቂያውን በዓይንዎ ያዩታል።

ሐይቅ እስጢፋኖስንም ይዩት። ድሮ ደሴት የነበረው ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ከላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ላሊበላ ሄደው ቤተ ጊዮርጊስን ይፈልጉ፣ መስቀሉ አለት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። አፑ የርቀት መለኪያም አለው። አንዱን ጫፍ ደሴ፣ ሌላውን ኩዌት ላይ ያድርጉት። ቀጥታ መስመሩ ወደ 2,200 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ልጅዎ ያለችበትን ሰፈር ከነመንገዱ ያዩታል። የምትሠራበትን ቤት ጣሪያ እንድታሳይዎት በስልክ እየመራችዎት ይፈልጉት። ምን ዓይነት መንገድ አቋርጣ ገበያ እንደምትሄድ ማወቅ ለእናት ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ይሄ አፕ ዳታ ይበላል። ዋይፋይ ያለበት ዘመድ ቤት ሲሄዱ፣ ወይ ጥቅል ሲኖርዎት ይክፈቱት።

ከእሱ ቀጥሎ በአማርኛ መጻፍ ይልመዱ። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው። ጣትዎ ፊደሉን ለማግኘት ከዘገየብዎ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የማይክ ምልክት ነክተው ይናገሩ፣ የተናገሩት ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ኢንተርኔት ያስፈልገው ይሆናል፣ ስህተትም አያጣም። ከመላክዎ በፊት ያንብቡትና ያርሙት። ዓይንዎን ካስቸገረዎ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የፊደሉን መጠን ያሳድጉ፣ መነጽር ፍለጋ ከመነሳት ይገላግልዎታል።

መብራት በጠፋበት ምሽት ግቢ ወጥተው እንዲከፍቱት ደግሞ «ስካይ ማፕ» ወይም «ስቴላሪየም» የሚባለውን ይጫኑ። ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሱት ያነጣጠሩበትን ኮከብ ስም ይነግርዎታል። ስልክዎ ውስጥ ኮምፓስ ከሌለ አቅጣጫውን አይዝልዎትም፣ ያኔ ተስፋ ሳይቆርጡ ያጥፉት።

ጥቅሉ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ልንገርዎት። በአብዛኛው ጥፋቱ የእርስዎ ሳይሆን የቴሌግራም ነው። የገቡበት ግሩፕ ውስጥ የሚለቀቅ ቪዲዮና ፎቶ፣ ባይከፍቱትም፣ ራሱ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ስለ ዳታና ማከማቻ የሚል አለ። እዚያ በሞባይል ዳታ ጊዜ ራሱ እንዳያወርድ ያጥፉት። ዋትሳፕም ላይ እንዲሁ። ፕሌይ ስቶርንም አፕ የሚያድሰው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያድርጉት። ቲክቶክ ግን ምንም ቢያደርጉት በላተኛ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆኑ ጥቅል ለመግዛት *999#፣ ቀሪ ሒሳብ ለማየት *804# ይደውሉ። ጥቅልዎ ሲያልቅ ዳታውን ያጥፉ፣ በርቶ ከቆየ ዋናውን ካርድ ይጨርሰዋል።

ስለ ገንዘብ ጠንከር ብዬ ልናገር። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፣ መብራትም ውኃም ሳይሰለፉ ይከፍሉበታል። እጠቀምበታለሁ ካሉ ይጠቀሙበት። ጥሩ ነገር ነው። ግን ዛሬ አይደለም። ስልኩን በደንብ እስኪለምዱት፣ የማያውቁት ነገር ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው መቆም እስኪችሉ ይቆይ። ሲጀምሩም ትንሽ ብር ብቻ ያስገቡ፣ ጡረታዎን እዚያ አያከማቹ። ፒኑን ለማንም አይንገሩ። ከቢሮ ነው የምደውለው የሚል፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል የሚል፣ በስህተት ብር ልኬልዎታለሁና መልሱልኝ የሚል ይመጣል። ስልኩን ይዝጉት። ነውር አይደለም።

ሌላው ማታለያ በሚያውቁት ሰው ስም ነው የሚመጣው። የሆነች ጓደኛዎ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ «ስልክሽ ላይ ኮድ ይመጣልሻል፣ ላኪልኝ» ትልዎታለች። የምትጽፈው እሷ አይደለችም፣ የእሷን አካውንት የሰረቀ ሰው ነው። ኮዱን ከሰጡት ቀጥሎ በእርስዎ ስም ልጅዎን ኩዌት ድረስ ገንዘብ ይጠይቃታል። ኮድ ለሰው አይሰጥም። ሁለቱም አፖች ላይ ሴቲንግ ውስጥ ተጨማሪ የራስዎን ፒን ወይም ፓስወርድ የሚያስገቡበት ቦታ አለ፣ ዛሬ ያስገቡት፣ በዚያው ደብተር ላይም ይጻፉት። አፕ ሲጭኑም ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይሁን። በቴሌግራም ፋይል ሆኖ የመጣ አፕ ማን እንደሠራው አይታወቅም። ከልጅዎም ጋር አሁኑኑ ይስማሙ፦ ገንዘብ የሚል መልእክት ከመጣ ሁለታችሁም በድምፅ ደውላችሁ ሳትነጋገሩ አትላኩ።

ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ትንሹ ልጅዎ ሱስ ያለው ነገር እኔ ሱስ አልለውም፣ አዲስ ነገር ነው፣ ይበርዳል። እንቅልፍዎ ግን እየተጎዳ ነው። በ61 ዓመት የተበላሸ እንቅልፍ ቶሎ አይመለስም። ሌሊት ሲነሱ ምንድን ነው የሚከፍቱት? ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ከሆነ፣ እነዚያ ማለቂያ የላቸውም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይመጣል፣ «ይቺን ብቻ» ሲሉ ሊነጋ ይችላል። ስለዚህ ማታ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ይተዉትና መኝታ ቤት ይዘውት አይግቡ። ለጠዋት መነሻ ደግሞ ኖርማሉን ስልክ ይጠቀሙ። እሱን ለማንም እንዳይሰጡት! ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ኔትወርክ ሲያስቸግር ወይ አዲሱ ሲዘጋ ሲሙን ወደ እሱ ይመልሳሉ።

ቻርጅ ካነሳን፣ «አዲስ ስልክ 8 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ» የሚባለው የድሮ ባትሪ ወግ ነው። የአሁኑ ባትሪ አይፈልገውም። የሚጎዳው ሙቀት ነው። ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ ወይም ትራስ ሥር አድርገው ቻርጅ አያድርጉት። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ይንቀሉት።

ከኩዌቷ ልጅዎ ጋር ደግሞ በቪዲዮ ይገናኙ። ስልኩ የተላከው ለዚሁ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ኢሞ የሚባለውን የቪዲዮ መደወያ አፕ ይሞክሩት። ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ቤተሰብ የሚያገኙበት አንዱ መንገድ እሱ ነው፣ እሷም ሳይኖራት አይቀርም። ፊትዎን ወደ መስኮት አድርገው ይቀመጡ፤ መስኮቱ ከጀርባዎ ከሆነ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የምታየው። ስልኩንም ጆሮዎ ላይ አያድርጉት፣ ከፊትዎ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ይያዙት ወይም ብርጭቆ ላይ ያስደግፉት። ኩዌትና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የለባቸውም፣ የሚለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። «በ9 ሰዓት እደውላለሁ» ብላ ከጻፈችና ማታ ማለቷ ከሆነ፣ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ የሚያዩት ሰዓትም እንደዚሁ ነው፣ ከ7 እስከ 12 ያለውን 6 እየቀነሱ፣ ከ1 እስከ 6 ያለውን ደግሞ 6 እየጨመሩ ያንብቡት።

ፎቶ ሲልኩላት በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ ይቀንሳል። ፎቶውን ከመምረጥ ይልቅ «ፋይል» የሚለውን ነክተው በዚያ በኩል ይላኩት፣ ዳታ ቢበላም እንደተነሳ ይደርሳታል። ኢሜይሉን ሲቀይሩ የተቸገሩበት ነገር ካለ የስልኩን ሞዴል ጨምረው ይጻፉልኝ። ሴቲንግ ውስጥ መጨረሻ ላይ «ስለ ስልክ» የሚለው ሥር ያገኙታል።